ምንጩ የደረቀው ፓርክ፦ ሴራ ዳ ካናስትራ እና የሳኦ ፍራንሲስኮ ወንዝ

በ2014 መስከረም ላይ ከብራዚል አንድ ዜና ወጣ። የሳኦ ፍራንሲስኮ ወንዝ መነሻ ምንጭ ደረቀ ተባለ። ይህን የተናገሩት ምንጩ የሚገኝበት ብሔራዊ ፓርክ ኃላፊ ናቸው። ሰው በሚያስታውሰው ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም ብለዋል። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የብራዚሉን ነገር የሚመለከቱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ጋ መስከረም ሲጠባ ወንዝ ሁሉ ሞልቶ ነው። እዚያ ግን የደረቁ ወቅት ማብቂያ ነው። ዝናቡ የሚጀምረው በጥቅምት ነው። ስለዚህ በመስከረም ውሃ ማነሱ አያስገርምም። ያስደነገጠው ጭራሽ መጥፋቱ ነው። ያውም ከ40 ዓመት በላይ በሕግ ተከልሎ በኖረ መሬት ላይ።

ድርቅ ነበር፤ እሱ አያከራክርም። ከ2013 እስከ 2015 ደቡብ ምሥራቅ ብራዚልን የመታው ድርቅ ሳኦ ፓውሎን የሚያህል ከተማ በውሃ ጥም አስጨንቋል። ነገሩ ድርቁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ሁሉ መጻፍ ባላስፈለገ። የካናስትራ ታሪክ የሚስበኝ በሌላ ምክንያት ነው። አንድ መንግሥት የወንዝን መነሻ ለመጠበቅ አስቦ፣ ካርታ ላይ መስመር አስምሮ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ግማሽ መንገድ ላይ ሲተወው ምን እንደሚመጣ በደንብ የሚያሳይ ቦታ ነው።

ወንዙና ሜዳው

ሳኦ ፍራንሲስኮ ከመነሻው እስከ መድረሻው ከብራዚል ድንበር አይወጣም። 2,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከሚናስ ዤራይስ ግዛት ተነስቶ ባሂያን ያቋርጣል። ከዚያ ፔርናምቡኮን፣ አላጎአስንና ሰርዢፔን እየነካ አትላንቲክ ይገባል። መሃል ላይ የሚያልፍበት አገር ዝናብ የራቀው ነው። እዚያ ያለው ሰው፣ ከብቱ፣ ለውጭ ገበያ የሚያመርተው የማንጎና የወይን እርሻ፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫው ሁሉ የሚኖረው ከዚህ ወንዝ ነው። በ2007 ደግሞ ውሃውን ወደ ሰሜኑ ደረቅ ግዛቶች የሚወስዱ ግዙፍ ቦዮች መቆፈር ተጀመረ። የምሥራቁ መስመር በ2017፣ የሰሜኑ በ2020 ተመርቀዋል።

ይህ ሁሉ ጉዞ የሚጀምረው ከሴራ ዳ ካናስትራ ነው። በሚናስ ዤራይስ ደቡብ ምዕራብ የሚገኝ አምባ ነው፤ ከፍታው እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ወንዙ እላይ ሜዳው ላይ እንደ ትንሽ ጅረት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ከተጓዘ በኋላ ካስካ ዳንታ በሚባለው ፏፏቴ 186 ሜትር ቁልቁል ይወረወራል። አምባው ውሃ የሚሰጠው ለሳኦ ፍራንሲስኮ ብቻ አይደለም። በሌላ አቅጣጫ የሚወርዱት ጅረቶች ወደ ፓራና ወንዝ ተፋሰስ ይገባሉ። ዝናቡ በየትኛው ጎን እንደወደቀ ነው ዕጣው የሚለየው። አንዱ ጠብታ ወደ ብራዚል ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል፤ ሌላው ወደ አርጀንቲና።

ሰው የወንዝ መነሻ ሲባል ጥቅጥቅ ያለ ደን ያስባል። ካናስትራ ግን ሣር ነው። ድንጋይ፣ ሣር፣ አልፎ አልፎ ጠመዝማዛ ድንክ ዛፍ፣ በጅረቶቹ ዳር ዳር ብቻ ደን። ብራዚላውያን ሴራዶ የሚሉት የሳቫና ምድር አካል ነው። ሴራዶ 2 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍን የነበረ ሲሆን ግማሽ ያህሉ ወደ እርሻና ግጦሽ ተቀይሯል። አማዞን በዓለም ጋዜጣ ሁሉ ሲወራለት ሴራዶ በጸጥታ ታረሰ ማለት ይቻላል። ከአገሪቱ ትልልቅ ወንዞች ብዙዎቹ የሚነሱት ደግሞ ከዚሁ ከሴራዶ ነው።

ሣር ውሃ የሚጠብቀው እንዲህ ነው። የሴራዶ ተክል ከመሬት በላይ የሚታየው ትንሽ ነው፤ ትልቁ ክፍሉ መሬት ውስጥ ነው። ሥሩ አፈሩን ያላላዋል። የክረምቱ ዝናብ ሲወርድ ሣሩ የጠብታውን ጉልበት ይሰብራል። ውሃው ላይ ላዩን ከመጋለብ ይልቅ ወደ ታች ይሰርጋል፤ በአለቱ ስንጥቆችና በረግረጋማ ሥፍራዎች ይጠራቀማል። ከዚያ በደረቁ ወራት ቀስ እያለ ይወጣል። ምንጭ ማለት ይኸው ነው፤ ካለፈው ክረምት የተረፈ ዝናብ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። እኛ አገር ተፋሰስ ይጠበቅ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ችግኝ ነው። ለተራቆተ ተራራ ልክ ነው። ተፈጥሮው ሣር በሆነ ቦታ ላይ ግን ዛፍ መትከል ውሃውን ሊቀንሰው ይችላል፤ በተለይ ባህር ዛፍ ከሆነ። ሚናስ ዤራይስ ራሱ ለብረት ማቅለጫ ከሰል ሲባል የተተከለ ሰፊ የባህር ዛፍ እርሻ ያለበት ግዛት ነው። ካናስትራን ከዛፍ ቁጥር አንፃር የሚመዝን ሰው ምንም እንደሌለበት ጠፍ መሬት ሊያየው ይችላል። ተሳስቷል።

የውሃው ጥራት ምስክር ደግሞ አንዲት ወፍ ናት። የብራዚል ጠላቂ ዳክዬ ዓሣ የምትይዘው ውሃ ውስጥ ገብታ በዓይኗ እያየች ስለሆነ ውሃው መጥራት አለበት። ደፈረሰ ማለት ተራበች ማለት ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል። ትልቁ ቁጥር ያለው በካናስትራ ወንዞች ላይ ነው።

200,000 ሄክታር በወረቀት

ፓርኩ የተመሠረተው በሚያዝያ 1972፣ በወታደራዊው መንግሥት ዘመን፣ በአዋጅ ነው። ዓላማው በዋናነት የሳኦ ፍራንሲስኮን መነሻ መጠበቅ ነበር። አዋጁ ያስቀመጠው ስፋት ወደ 200,000 ሄክታር ነው። ነገር ግን መንግሥት ከባለቤቶቹ ወስዶ በእጁ ያስገባው 71,525 ሄክታር ያህሉን ብቻ ነው፤ በአብዛኛው ምንጩ ያለበትን አምባ።

ቀሪው ከ120,000 ሄክታር በላይ መሬት ምን ሆነ? ምንም። ገበሬዎቹ እዚያው ቀሩ። ከብት አረቡ፣ ልጅ ወለዱ፣ መሬት አወረሱ። የፓርኩ አስተዳደርም ለሠላሳ ዓመት ያህል በተግባር የሚያስተዳድረው የያዘውን ክፍል ብቻ ነበር። ብዙ ሰው የፓርኩ ወሰን እዚያ ጋ የሚያበቃ መስሎት ኖረ።

በ2005 የወጣው የአስተዳደር ዕቅድ ግን ፓርኩ 200,000 ሄክታር ነው፣ አዋጁ አልተሻረም አለ። እንግዲህ አስቡት። በአያትህ መሬት ላይ ቁጭ ብለህ አንድ ቀን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እንደምትኖር ይነገርሃል። በብራዚል ሕግ ብሔራዊ ፓርክ የግል ይዞታ አይፈቅድም። መሸጥ ይቸግራል፣ የባንክ ብድር ይቸግራል፣ ጎተራ ማደስ ሳይቀር ጥያቄ ያስነሳል። ውጣ እንዳትባል ደግሞ ካሳው አልተከፈለም። ለመንግሥት ፓርክ፣ ለገበሬው መሬት ነው፤ ለሁለቱም ግን ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነ።

በ2007 የፓርኩን ስፋት የሚቀንሱ ረቂቅ ሕጎች ለኮንግረሱ ቀረቡ። ከጀርባቸው የገበሬው ሮሮ ብቻ አልነበረም። አካባቢው አልማዝ አለበት፤ ለሕንፃ የሚሆን ድንጋይም አለበት። የማዕድን ፍላጎት በገበሬው እንባ ተጠልሎ ሲመጣ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ማዕድን ፈላጊው ተጠቃሚ ስለሆነ የገበሬው አቤቱታ ሐሰት አይሆንም። ጥበቃን የምንወድ ሰዎች ይህችን ነጥብ ብዙ ጊዜ እንዘላታለን።

እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን ካናስትሬይሮ ይላሉ። የሚታወቁት በቺዝ ነው። ካልፈላ ወተት የሚሠራ፣ ክብ፣ ቢጫ ቺዝ። እርሾው ከትናንቱ ቺዝ የሚንጠባጠበው አጓት ነው፤ ዛሬ ማታ ይጠራቀምና ነገ ጠዋት ወተቱ ላይ ይጨመራል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጣዕም ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ካልፈላ ወተት ስለሚሠራ ለረጅም ዓመታት ከግዛቱ ውጭ በሕጋዊ መንገድ መሸጥ አይቻልም ነበር። በ2008 የአገሪቱ የቅርስ ተቋም የሚናስን የቺዝ አሠራር በባህላዊ ቅርስነት መዘገበ። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ዩኔስኮ መዘገበው። ስለዚህ አንዱ የመንግሥት እጅ ቅርስ ናችሁ ይላቸዋል፤ ሌላው እጅ ፓርክ ውስጥ ናችሁ ይላቸዋል።

እሳት

ወደ ውሃው ልመለስ። የካናስትራ የውሃና የመሬት ጣጣ የሚገናኘው እሳት ላይ ነው።

ሳቫና ከእሳት ጋር የኖረ ምድር ነው። መብረቅ ያቃጥለዋል። የመብረቅ እሳት ግን የሚነሳው ዝናቡ ሲጀምር ነው። ጥቂት ይነድና ዝናብ ያጠፋዋል። ሣሩም በሳምንታት ውስጥ መልሶ ያቆጠቁጣል።

የሰው እሳት ሌላ ነው። ከብት አርቢው በደረቁ ወቅት ያረጀውን ሣር ያቃጥላል፤ ለምለም ቡቃያ እንዲወጣለት። ይህ ልማድ ከፓርኩ በፊት የነበረ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ግን ነፋስ አለ፣ ሁሉም ነገር ደርቋል። ከእጅ ያመለጠ እሳት በቀናት ውስጥ አምባውን ያዳርሳል። በ1970ዎቹ መሬታቸውን ከተነጠቁት ቤተሰቦች ብዙዎቹ በካሳው አኳኋን ቅር ተሰኝተው ነበር። ለአንዳንዱ ቃጠሎ መነሻው ቂም እንደሆነም ሲነገር ኖሯል።

የፓርኩ ምላሽ እሳትን ፈጽሞ መከልከል ነበር። ማንም አይለኩስ፤ የተነሳውም ሁሉ ይጥፋ። ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ችግሩ ሣሩ ማደጉን አያቆምም። ሁለት ሦስት ዓመት ሳይነካ ከቆየ ደረቅ ሣር በደረቅ ሣር ላይ ይከመራል። ከዚያ አንድ ክብሪት ይበቃል። እሳቱ ይበረታል፣ በጅረቶቹ ዳር ያለውን ደን ሳይቀር ይበላል። ያ ደን ደግሞ እንደ ሣሩ እሳት አይችልም። ቀርፋፋው ግዙፉ ጉንዳን በሊታም መሸሽ አይችልም። አስፈሪው እሳት የመጣው እንግዲህ ከክልከላው ጭምር ነው።

ሌላም አባባሽ አለ። ለግጦሽ ተብለው ወደ ብራዚል የገቡ ሣሮች ፓርኩን እየወረሩ ነው። የመጡት ከእኛው አህጉር ነው። ከነሱ መካከል በኢትዮጵያም በተፈጥሮ የሚበቅሉ አሉ። እኛ ጋ የሚግጣቸው ብዙ ነው፤ እዚያ ግን ልቅ ሆነው ይበዛሉ፣ ሲቃጠሉም ከአገሬው ሣር ይልቅ ኃይለኛ ነበልባል ያወጣሉ። በፓርኩ ዙሪያ የሚበቅለው ቡና እንኳ ሥሩ እኛ ጋ ነው፤ በእሱ ግን ማንም ቅር አላለውም።

በ2014 ድርቁ ሲመጣ ያገኘው ይህን መሬት ነው። የሰረገው ዝናብ ጥቂት ነው። በተቃጠለ ቦታ ላይ መሬቱ ራቁቱን ቀርቶ ፀሐይ ይመታዋል። ምንጩን ለማድረቅ ድርቁ ብቻውን ይበቃ ነበር ወይስ አይበቃም ብሎ መከራከር ይቻላል። እኔ ድርቁን ዋናው ተጠያቂ አደርጋለሁ። ነገር ግን በየጥቂት ዓመቱ የሚጋይ አምባ ለድርቅ ጊዜ የሚያስቀምጠው ውሃ ሊተርፈው አይችልም። ዝናቡ ሲመለስ ምንጩም ተመልሷል። ወደ ታች ያለው ችግር ግን አላቆመም። ከ4,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው የሶብራዲንዮ ግድብ ሐይቅ በ2015 መጨረሻ ከሚጠቅመው ውሃ 5 በመቶ እንኳ አልቀረውም። ከግድቡ በትንሹ መለቀቅ ያለበት ውሃ በሰከንድ 1,300 ሜትር ኩብ ነበር፤ ደረጃ በደረጃ ተቀንሶ በ2017 ወደ 550 ወረደ። ወንዙ ባሕር በሚገባበት አካባቢ ያሉ የአላጎአስ ሰዎች ጨዋማ ውሃ መጠጣት ጀመሩ፤ ወንዙ ሲደክም ባሕሩ ወደ ላይ ገፍቶ ገባ።

እርግጥ ይህን ሁሉ በካናስትራ ማላከክ ፍትሐዊ አይደለም። በደረቁ ወራት ወንዙን ከሚመግቡት መካከል ትልቁ በምዕራብ ባሂያ ያለው የኡሩኩያ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። እሱ ደግሞ ለአኩሪ አተርና ለጥጥ መስኖ እየተሳበ ነው። ትንሿ ምንጭ ስትደርቅ አገር ይደነግጣል፤ ለፓምፑ ግን ማንም አይደነግጥም።

ምን ተለወጠ

ትልቁ ለውጥ የእሳት ነገር ነው። በ2014 አካባቢ ብራዚል በጥቂት የሴራዶ ጥብቅ ሥፍራዎች ላይ ሌላ አሠራር መሞከር ጀመረች። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይቻላል፤ ቅጠሉ ግን እሳት ራሱ ነው። ዝናቡ እንዳቆመ፣ ሣሩ ገና እርጥበት እያለው፣ የፓርክ ሠራተኞች እየመረጡ ትንንሽ ቁራሽ መሬት ያቃጥላሉ። በዚህ ዓመት እዚህ፣ በሚቀጥለው እዚያ። በደረቁ ወቅት ትልቅ እሳት ሲመጣ የተቃጠለው ቁራሽ ያቆመዋል። አሠራሩ እየሰፋ ሄዶ በሐምሌ 31 ቀን 2024 ብሔራዊ የተቀናጀ የእሳት አስተዳደር ሕግ ሆኖ ጸደቀ። ሕጉ የነባር ማኅበረሰቦችን የእሳት ዕውቀትና ልማድም ይቀበላል።

ለካናስትራ ይህ ከእሳት በላይ ትርጉም አለው። ገበሬው በየትኛው ወር፣ በየትኛው ነፋስ፣ ከየትኛው ጫፍ ቢለኮስ እሳቱ እንደሚታዘዝ ያውቃል። ለአርባ ዓመት ይህ ዕውቀት ወንጀል ነበር። በድብቅ የሚለኩስ ሰው ደግሞ ለኩሶ ይሮጣል፤ ቆሞ አይጠብቅም። በግልጽ ከተፈቀደለት ግን ጎረቤቱን ጠርቶ፣ መስመር አጽድቶ፣ እስኪጠፋ ይቆማል። አስተዳደሩን ከ2007 ጀምሮ የያዘው የሺኮ ሜንዴስ የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ተቋም ከሰዎቹ ጋር ተስማምቶ ከመሥራት የተሻለ መንገድ ያለው አይመስለኝም።

የመሬቱ ዕዳ ግን አሁንም አለ። እኔ ብጠየቅ ገንዘቡ አስቀድሞ መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው። መውጣት የሚፈልገው ተከፍሎት ይውጣ። መቅረት የሚፈልገውና መሬቱን በሣርነት የጠበቀው ደግሞ በውል ይቅር። ሁለቱንም ሳያደርጉ ሰውን እንዲሁ አንጠልጥሎ ማቆየት ለምንጩም አልበጀም። ውሃው ያለማቋረጥ እንዲወርድ የሚፈልጉት የግድቡ ባለቤቶች፣ የመስኖ እርሻዎቹና ከተሞቹ ናቸው። መሬቱን መልቀቅ ያለባቸው ግን ጥቂት ቺዝ ሠሪዎች ናቸው። ሒሳቡ አልተመጣጠነም።

አንድ ያልተናገርኩት ነገር አለ። በ2002 የሳኦ ፍራንሲስኮ ሸለቆ የልማት ድርጅት መነሻውን እንደገና አጠና። ሳምቡራ የሚባለው ገባር ከካናስትራው ጅረት ይረዝማል፣ ውሃውም ይበልጣል የሚል ውጤት አገኘ። በዚህ ሚዛን የወንዙ መነሻ ሜዴይሮስ በሚባል ወረዳ ውስጥ ነው። ቺዝና ቡና የሚመረትበት አካባቢ ነው። ከፓርኩ ውጭ ነው፤ ከ200,000ውም ውጭ። የ1972ቱ አዋጅ የጠበቀው ሕዝብ በልማድ መነሻ የሚለውን ምንጭ ነበር ማለት ነው።

ሜዴይሮስ ላይ ምንጮቹን የሚጠብቀው የ2012ቱ የደን ሕግ ነው። በግል መሬት ላይ ያለ ምንጭ ዙሪያው 50 ሜትር ሳይነካ መቆየት አለበት ይላል። መሬቱ ከሐምሌ 2008 በፊት የታረሰ ወይም የተጋጠ ከሆነ ግን መልሶ እንዲያገግም የሚተወው 15 ሜትር ብቻ ነው። ያንን አጥር የሚያጥረው፣ ከብቱንም ከምንጩ የሚያርቀው ባለ መሬቱ ነው። ከካናስትሬይሮዎቹ ጋር በአንድ ገበያ ቺዝ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ፓርኩ ጎረቤቶቹን እንዴት እንደያዛቸውም ያውቃል።